የሎጁ በረኛና የወንድሜ ቀብር

ባለቤቴ ጄበዝ ትሬምባት የሎጅ፣ ማለትም የፍሪሜሰኖች ምስጢራዊ የወንድማማች ማኅበር፣ በረኛ ነበር። በካርኒ ሂል ዋና መንገድ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ፣ በፍሪሜሰኖቹ አዳራሽ በር ላይ ሰይፍ መዞ የሚቆመው እሱ ነው። ሌሎቹ ውስጥ ገብተው ሲማማሉ፣ ሲሿሿሙ፣ አንዱ ሌላውን "የተከበሩ" እያለ ሲያሞጋግስ፣ የኔ ሰው ውጭ ነው። ውስጥ ምን እንደሚሠሩ በጠየቅሁት ቁጥር "እኔ የማውቀው በሩን ነው" ብሎ ይዘጋኛል። ስሜ ላቭዴይ ነው። ይህን የምጽፈው እሱ ስለማይናገርና የኔ ንዴት እስከ ዛሬ ስላልበረደ ነው።

ሰይፉ ዱልዱም ነበር። "ይሄ ቅቤም አይቆርጥ፣ በምን ልታስፈራራ ነው?" ብዬ እቀልድበት ነበር። ጄበዝ ግን በየወሩ ይወለውለዋል። ቀን ቀን ፖርት ኤላን ወርዶ ከመርከብ ላይ የስንዴ ጆንያ ሲጭን የሚውል ሰው ነው፤ ጀርባው ጎብጧል፣ አንገቱ በጆንያው ክር ተልጧል። የሎጅ ምሽት ሲደርስ ግን ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ነጩን የበግ ቆዳ ሽርጥ ወገቡ ላይ አስሮ ደረጃው ራስ ላይ ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል። እኔና ሌሎቹ ሴቶች ከታች ወጥ ቤት ውስጥ ለእራት የሚቀርበውን ሥጋና ድንች የታጨቀበት ፓስቲ እየጋገርን በደረጃው በኩል ቀና ብለን እናየዋለን። እንዲያውም እዚያ ቆሞ ሳየው ነው ለምን እንዳገባሁት የማስታውሰው።

የበረኛ ሥራ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ማንም ሰው "ወንድም ነኝ" ስላለ ብቻ አይገባም። ከገቡት አንዱ "ከዚህ ሰው ጋር በተከፈተ ሎጅ አብሬ ተቀምጫለሁ" ብሎ ካልመሰከረለት ወይም ራሱ በምልክትና በቃል ተፈትኖ ካላለፈ ይቆማል። አንድ ጊዜ ከዋናው ከተማ አንድ ቦርጫም ሰው መጥቶ፣

"የፓርላማ አባል ነኝ" አለው።

"እዚህ ፓርላማ የለም" አለው ጄበዝ።

ሰውየው የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ ድረስ ከእኛ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች ላጠልን። ጥሩ ይልጥ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ጄበዝን ወደዚያ ቤት ያስገባው ታላቅ ወንድሜ ዌስሊ ናንኪቬል ነው። ሁለቱ በወጣትነታቸው በካርኒ ሂል የመዳብ ጉድጓድ አብረው ሠርተዋል፣ አንድ ሻማ ተካፍለዋል፣ ከአንድ ቆርቆሮ ሻይ ጠጥተዋል። ሚዜያችንም እሱ ነበር። ጉድጓዱ ሲዘጋ ዌስሊ ፖርት ኤላን ገባ፣ የዚያን ወደብ ሎጅ ተቀላቀለ፣ ውሎ አድሮም አለቃው ሆነ። ጄበዝ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ ዌስሊ ወደኛ ይመጣል። አንዱ የሌላውን በር እንደ ራሱ በር ነበር የሚያየው።

ከዚያ ዋናው ከተማ ያሉት ትልልቆቹ ተጣሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሎጅ የሚገዛው ዋናው ከተማ ላለ አንድ ታላቅ ሎጅ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነሣውም እሱ ነው። ታላቁ ሎጅ እንደ ፖርት ኤላን ባሉት የባሕሩ ዳርቻ ሎጆች ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ሾመባቸው። የወደቡ ሰዎች ደግሞ "የራሳችንን ሰው መርጠናል፣ የናንተን አንፈልግም" አሉ። ከተማው ፈቃዳቸውን ቀማ። እነሱም ተሰባስበው "እንግዲያው የራሳችን ታላቅ ሎጅ አለን" ብለው አወጁ። ወዲያው ከከተማ ትእዛዝ መጣ፤ የባሕሩ ዳርቻ ሰዎች እውቅና የላቸውም፣ ሎጃቸው ሎጅ አይደለም፣ ከነሱ ጋር የተቀመጠ ሁሉ ከኛ ይወጣል። ለአንድ ሹመት ነው እንግዲህ። ለአንድ ሰው ወንበር ሲባል ስንቱ ወንድማማች ተለያየ!

በዚያው ወር ዌስሊ እንደ ልማዱ ፉጨቱን እያፏጨ ደረጃውን ወጣ። ጄበዝ በሩ ላይ ሰይፉን አጋደመ።

"ዛሬ አይሆንም፣ ዌስ።"

"ምን? ቀልዱን ተው፣ ጉልበቴን ያመኛል።"

"ቀልድ አይደለም። ትእዛዝ ነው።"

"ሚዜህ ነበርኩ'ኮ፣ አንተ ጆንያ!"

"ሚዜዬማ ነህ። በሩ ግን የኔ አይደለም።"

ዌስሊ ሳቀ፣ ወርዶም ከኛ ጋር አንድ ፓስቲ በልቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ጄበዝ ያን ምሽት እራት አልበላም። ከዚያ በኋላም እሁድ በጸሎት ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ቅዳሜ ቢራ አብረው ይጠጣሉ፣ የሎጅን ነገር ግን አንዱም አያነሣውም። እኔ ብቻ ነኝ የማነሣው። "ሁለታችሁም ሞኞች ናችሁ" ስላቸው ሁለቱም ወሬ ይለውጡብኛል።

የዓለም ጦርነቱ መጣ። የዌስሊ አንድያ ልጅ አልፊ ለመዝመት ተመዘገበ። ከመሳፈሩ በፊት አባቱ በፖርት ኤላን ሎጅ በአለቃው ወንበር ላይ ሆኖ አስማለው፣ ሽርጡንም በገዛ እጁ ወገቡ ላይ አሰረለት። ልጁ ከዚያ ወጥቶ ወደኛ ቤት ሲመጣ ፊቱ ያበራ ነበር። "አክስቴ፣ አሁን አባቴን ወንድሜ ብዬ መጥራት እችላለሁ" ብሎ ሲስቅ ትናንት ይመስለኛል። ባሕር ማዶ፣ ኒው ጊኒ ጭቃ ውስጥ ሞቶ ቀረ። የተቀበረውም እዚያው ነው። እናቱ ብዙም ሳትቆይ ተከተለችው።

ወንድሜ ብቻውን ቀረ። የፖርት ኤላን ሎጅም ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ተዘጋ። የዌስሊን ደረት የጉድጓዱ አቧራ ከዱሮም ይበላው ነበርና ደረጃ መውጣት ሲያቅተው አምጥቼ ከኋላ ክፍላችን አስተኛሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጄበዝ ጢሙን እየላጨው ሳለ ወንድሜ፣

"አንድ ነገር ልለምንህ" አለው።

"በል።"

"ቄሱ ጨርሶ ሲሄድ አፈር ብቻ እንዳታለብሱኝ። ወንድሞቼ ይቁሙልኝ። ሽርጤ ሣጥኑ ላይ ይሁን፤ የግራሩን ቅጠል ጣሉልኝ።"

ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? እነሱ ዘንድ አንድ ወንድም ሲሞት ጓደኞቹ ነጭ ሽርጥና ነጭ ጓንት አድርገው መቃብሩን ይከባሉ፤ የስንብቱን ቃል ይላሉ፤ እያንዳንዱ የግራር ቅጠል ይጥልለታል። ያ የማይደረግለት ሰው እንደ ባዕድ ነው የሚቀበረው። ወንድሜ ሌላ ምንም አልጠየቀም። ጄበዝ ምላጩን አስቀመጠና ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

የኛ ሎጅ አለቃ በዚያን ጊዜ ክላረንስ ፔንሄል ነበር፣ የምስማርና የቀለም መደብር ያለው። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት አፍንጫውን እየጠረግሁ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ረግመው ይገላገሉታል። ክላረንስ ግን ሕግ ሲያይ እንደ ዶሮ አንገቱን የሚሰብር ሰው ነበር። ጄበዝ ሄዶ ሲለምነው፣ መንገድ አለ አለው። ከማይታወቅ ሎጅ የመጣ ሰው እንደገና ሊምል ይችላል። አባላቱ በምስጢር ድምፅ ይሰጣሉ፤ በሣጥኑ ውስጥ አንዲት ጥቁር ኳስ ካልተገኘች ገብቶ ይምላል፣ ከዚያ በኋላ የኛ ነው። ድምፁ ተሰጠ፤ ሁሉም ነጭ ኳስ ሆነ። ጄበዝ ያን ቀን እየሮጠ ነው ወደ ቤት የመጣው። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

በቀጠሮው ምሽት ገና ሳይመሽ ጄበዝ ወንድሜን እንደ ስንዴ ጆንያ በጀርባው አዝሎ ደረጃውን ወጣ። ዌስሊ በጀርባው ላይ ሆኖ "ቀስ በል፣ ስንዴ አይደለሁም፣ ሽማግሌ ነኝ" እያለ ይቀልዳል። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ሰይፉን መዞ ቦታውን ያዘ። ውስጥ ያሉት ሎጁን ከፍተው ተቀምጠዋል። ፔንሄል የአለቃነቱን ጌጥ በአንገቱ አንጠልጥሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። እኔ ፓስቲ የሞላ ትሪ ይዤ ደረጃው መካከል ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰማሁ።

"ወንድም ዌስ... ይቅርታ፣ አቶ ናንኪቬል። ገብተው እስኪምሉ ድረስ ወንድም ልልዎት አልችልም፣ ያውቁታል።"

"አውቀዋለሁ። ቀጥል ልጄ።"

"ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር በአፍዎ መናገር አለብዎት። በፖርት ኤላን የተደረገው ሁሉ ሕጋዊ ሥራ እንዳልነበረ፣ እዚያ የማሉትም ፍሪሜሰን እንዳልነበሩ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ወንድሜ በወንበሩ ላይ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

"አልፊስ?"

"አልፊ ጀግና ነው። ሁላችንም እናከብረዋለን፣ እኔም ራሴ..."

"እሱን አልጠየቅሁህም። ሽርጡን በዚህ እጄ ነው ያሰርኩለት። ወንድም ነበር ወይስ አልነበረም?"

ፔንሄል መሬት መሬቱን አየ። "በሕጉ መሠረት... አልነበረም።"

"አንተ ክላረንስ!" ብዬ ከደረጃው ጮኽሁ። "አፍህን በሳሙና ማጠብ ነበረብኝ ያኔ!"

"ወይዘሮ ትሬምባት፣ እባክዎ፣ ይህ የሎጅ ጉዳይ ነው።"

"የወንድሜ ልጅ ነው! የሎጅ ጉዳይ አይደለም፣ የሥጋዬ ጉዳይ ነው!"

ፔንሄል ወደ ዌስሊ ጎንበስ አለ። "ቃል ብቻ ነው'ኮ፣ አቶ ናንኪቬል። አንድ ጊዜ ይበሉትና ይለፍ። ልጁን ምን ይጎዳዋል?"

"ቃል ብቻ ከሆነ አንተ ተወው" አለው ወንድሜ። ቀጥሎ ወደ ባሌ ዞረ። "ጄበዝ፣ አውርደኝ።"

ሎጅ ተከፍቶ ሳለ በረኛ ከበሩ አይነቃነቅም። ቤት ቢቃጠልበት፣ ሚስቱ ብትወልድበት አይነቃነቅም። ጄበዝ ሰይፉን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወንድሜን አዘለ። ፔንሄል "ወንድም ጄበዝ! በሩ! በሩን ማን ይጠብቃል?" እያለ ከኋላ ሲጮህ ዞር ብሎም አላየውም። እኔም ትሪዬን ይዤ ተከተልኳቸው። ሌሎቹ ሴቶችም የተጋገረውን ሁሉ በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። ያን ምሽት ፍሪሜሰኖቹ ጾማቸውን አደሩ፤ እኔ ምን አገባኝ።

ዌስሊ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። እንደገና ሊያነጋግሩት የመጡትን የሎጁን ሰዎች "ደክሞኛል" ብሎ መለሳቸው። ባረፈ ማግስት ፔንሄል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቤታችን መጣ።

"ሎጁ በሙሉ ቀብር ይመጣል" አለን። "እንደ ጎረቤት። ሽርጥ ግን አይኖርም፣ የስንብት ቃልም አይኖርም። እርስዎም ወንድም ጄበዝ፣ እባክዎ እዚያ ሽርጥ እንዳያደርጉ። ከማይታወቅ ሰው ጋር ሥርዓት የፈጸመ ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉ።"

እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይህ ነው። ከቤቴ አስወጣሁት። ጄበዝ አንድ ቃል አልተናገረም፣ እኔም በዝምታው ተናደድኩ። "አንተም እንደነሱ ነህ!" አልኩት። 

ቀብሩ ላይ ጸሎቱ አልቆ ቄሱ መጽሐፋቸውን አጠፉ። የሎጁ ሰዎች ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። መቃብር ቆፋሪው አካፋውን ሲያነሣ ጄበዝ "ቆይ" አለው። ከኮቱ ውስጥ ሽርጡን አወጣ። ከሁሉ ፊት ወገቡ ላይ አሰረው። ነጭ ጓንቱን አጠለቀ። የዌስሊን ሽርጥ ደግሞ ከሌላው ኪሱ አውጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሣጥኑ ላይ ዘረጋው።

"ወንድም ጄበዝ፣ ያውልቁት!" አለ ፔንሄል።  "እለምንዎታለሁ!"

ጄበዝ ከጉድጓዱ ወጣና መናገር ጀመረ። ሙሉውን የስንብት ቃል፣ አለቃው የሚለውንም፣ የሎጁ ጸሎት መሪ የሚለውንም፣ የቀሩት ወንድሞች በአንድነት የሚመልሱትንም ብቻውን ተናገረው። የሌሎቹ ተራ ሲደርስ ቆም ብሎ ወደ አጥሩ ያያል፤ ማንም አይመልስም፤ ራሱ ይመልሳል። ያን እያደረገ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሰዎቹ ሽርጣቸውን ይዘው መጥተው ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ፤ የአንዳንዱ ሽርጥ ነጭ ጫፍ ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። አንድ ሰው እርምጃ ቢጀምር ሁሉም ይከተሉት ነበር። አንዱ ሌላውን ጠበቀ፣ ሁሉም ፔንሄልን አዩ፣ ፔንሄል ደግሞ ጫማውን። ጄበዝ ቢጫ አበባ ካወጣው ግራር ቅርንጫፍ ሰብሮ ጣለ። ከዚያም ለአልፊ ብሎ ሌላ ጣለ። አልቅሼ አልቅሼ ሲበቃኝ ወደ አጥሩ ሄጄ በእያንዳንዳቸው ፊት ምራቄን መሬት ላይ ተፋሁ። ባለጌ ይበሉኝ።

ከሎጁ አባረሩት። ከማባረራቸው በፊት ጠርተው ይጸጽተው እንደሆነ ጠይቀውታል፤ "ሌላ ጥያቄ አላችሁ?" ብሎ ወጣ። ሰይፉን ሌላ ሰው ያዘው። ጄበዝ ወደ ወደቡ ወደ ጆንያው ተመለሰ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። የሎጅ ምሽት ሲደርስ ግን ሳያስበው ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ኮቱን ይለብሳል። በራፋችን ድረስ ሄዶ ትዝ ሲለው ይመለስና ኮቱን አውልቆ ይሰቅላል። እኔን ያቃጠለኝ ቀብሩ ብቻ አይደለም፤ ይህ ነው። በየወሩ ያን እያየሁ ነው ያረጀሁት።

ዓመታት አለፉና ትልልቆቹ ታረቁ። አዲስ ሰዎች ተሾሙ፣ አንድ ላይ እራት በሉ፣ ተጨባበጡ፣ አለቀ። ስምምነቱ ደግሞ ወደ ኋላም ይሠራል ተባለ፤ በባሕሩ ዳርቻ ሎጆች የማሉ ሁሉ ከማሉበት ቀን ጀምሮ እውነተኛ ወንድሞች ነበሩ ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፔንሄል ያን ወረቀት ይዞ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ አንድ እግሩን ያነክሳል። ጄበዝ ጓሮ ቲማቲም ሲያጠጣ አገኘው።

"ወንድም ጄበዝ" አለው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ሁሉም ተስተካከለ። እርስዎ ተመልሰዋል። ወንድም ዌስሊም፣ ወንድም አልፊም፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ትክክል ነበሩ። እኔ ራሴ ላበሥርዎት ብዬ ነው የመጣሁት።"

ጄበዝ ውሃውን ዘጋ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ ዱሮም አውቀዋለሁ። ና።"

ባርኔጣውን አድርጎ መንገድ ጀመረ። ፔንሄል እያነከሰ ተከተለው፣ እኔም ከነወጥ ቤት ሽርጤ ከኋላቸው። ዳገቱን ወጥተን መቃብሩ ጋ ደረስን። ጄበዝ በዌስሊ ራስጌ ቆመ።

"በል ለሱ ንገረው።"

"ምን?"

"ያልከኝን። አንብብለት።"

ፔንሄል እኔን አየኝ። እኔ ልረዳው አልፈለግሁም። ወረቀቱን ዘረጋና በለሆሳስ ማንበብ ጀመረ።

"ጮክ በል" አለው ጄበዝ። "በር ላይ ስትነግረው ድምፅህ ጥሩ ነበር።"

ፔንሄል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። መሐሉ ላይ ድምፁ ተሰበረበት፣ እንደምንም ጨረሰ፣ ወረቀቱንም ሊያጥፍ ሲል ጄበዝ ክንዱን ይዞ ወደ ባሕሩ አዞረው።

"አሁን ለአልፊ" አለው። "እሱ ሩቅ ነው ያለው። ጩህ።"

ክላረንስ ፔንሄል ጮኸ። ነፋሱ ቃሉን እየመለሰ በአፉ ይወትፍበት ነበር፣ እሱም እንደገና ይጀምራል። ጄበዝ ክንዱን አልለቀቀውም።